የኢትዮጵያን መንጃ ፈቃድ በጀርመን ማስቀየር፦ ስድስቱ ወር፣ ወረቀቱ፣ ፈተናው

አዲስ_ገቢ_ካሰል

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ በቤተሰብ ማገናኘት ቪዛ ካሰል ከገባች አራት ወር አልፏታል። የአዲስ አበባ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አላት። የጠየቅነው ፋርሹለ (የመንጃ ትምህርት ቤት) «ከዜሮ ነው የምትጀምረው፣ ሙሉ ኮርስ ያስፈልጋታል» ብሎ ከ3,000 ዩሮ በላይ ጠራብን። ሌሎች ደግሞ «ኢንተርናሽናል (ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ) አውጡላትና ዝም ብላ ትንዳ» ይላሉ። አሁን መንዳት ትችላለች ወይ? እስከ መቼ? ማስቀየር የሚባለው ነገር ለእኛም ይሠራል ወይስ ለአሜሪካኖችና ለጃፓኖች ብቻ ነው? ጀርመንኛዋ ገና ኤ ሁለት (ጀማሪ ደረጃ) ላይ ነው።

ማርሽ_ሦስት

ወንድሜ፣ አስቸኳዩ የቀኑ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ የሚያገለግለው መኖሪያ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው። በተግባር የሚቆጠረው አንሜልዱንግ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ) ከተደረገበት ቀን ነው እንጂ የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ከመጣበት ቀን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱ ሁለት ሦስት ወር ዘግይቶ ስለሚመጣ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። በመሀል አዲስ አበባ ደርሶ መመለስም ቆጠራውን እንደገና አያስጀምረውም። ተጨማሪ እስከ ስድስት ወር የሚፈቀደው በጀርመን ከ12 ወር በላይ እንደማይቆይ ማሳየት ለሚችል ሰው ነው። በቤተሰብ ማገናኘት የመጣ ሰው ይህን ማለት አይችልም።

ስለዚህ ባለቤትህ ሁለት ወር ገደማ ቀርቷታል። እስከዚያ ዋናውን ካርድና የጀርመንኛ ትርጉሙን አብራ ይዛ መንዳት ትችላለች። «ኢንተርናሽናል» የሚባለው ደብተር ትርጉም ከመሆን አያልፍም፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ጊዜ ገና ባያልፍም ስድስቱ ወር ካለፈ ጀርመን ውስጥ ዋጋ የለውም። ደብተሩን አምኖ የሚነዳ ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳ ነው የሚያዘው። ይህ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ አለው። እያወቀ መኪናውን የሰጠው ባለመኪናም አብሮ ይጠየቃል። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ይከፍልና ከአሽከርካሪው እስከ 5,000 ዩሮ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ነገ ዜግነት ለመጠየቅ ላሰበ ሰው ደግሞ ከ90 ታገስዛጽ (በቀን ገቢ የሚሰላ የመቀጮ መለኪያ) በላይ የሆነ ቅጣት እንቅፋት ነው። ለጥቂት ወራት መንዳት ብላችሁ ይህን ሁሉ አትግቡበት።

ማስቀየሩ ለእኛም ይሠራል። ጀርመን ያለ ፈተና የምትቀይርላቸው አገሮች ዝርዝር አላት፤ ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው የጽሑፍና የመንገድ ፈተና ይፈተናል፤ የግዴታ ትምህርቱ ግን ይቀርለታል። አዲስ ጀማሪ 14 ጊዜ የ90 ደቂቃ የቴዮሪ (የጽሑፍ ፈተናው ትምህርት) ክፍል መግባት፣ ከዚያም 12 ልዩ መንዳት (5 ከከተማ ውጭ፣ 4 አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ፣ 3 በጨለማ) መጨረስ ግዴታው ነው። ባለቤትህ ላይ ሁለቱም ግዴታ አይደሉም። «ከዜሮ» ያላችሁ ፋርሹለ ጉዳዩን እንደ አዲስ ጀማሪ ነው ያየው። ሌላ ጋ ሂዱና መጀመሪያ የምትሉት ቃል «ኡምሽራይቡንግ» (ማስቀየር) ይሁን፤ ቀጥሎ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ አገር እንደመጣች ንገሯቸው። ያለ ፋርሹለ ግን አይሆንም፤ ፈተናው ላይ መምህሩ ጎኗ መቀመጥ አለበት፣ መኪናውም ለመምህሩ የራሱ ፔዳል ያለው መሆን አለበት።

ቢሮ_ለቢሮ

ማርሽ የጻፈው ትክክል ነው። ወረቀቱን እኔ ልዘርዝር። ማመልከቻው የሚገባው ለከተማው ወይም ለክራይሱ (ለወረዳው) ፉረርሻይንሽተለ፣ ማለትም ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው ነው። ቀጠሮ በብዙ ከተማ ቶሎ ስለማይገኝ ዛሬውኑ ያዙና ወረቀቱን ቀጠሮው እስኪደርስ ሰብስቡ።

የሚያስፈልገው፦ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአንሜልዱንግ ወረቀት፣ አንድ ባዮሜትሪክ ፎቶ፣ ዋናው መንጃ ፈቃድ ከነትርጉሙ፣ የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ኮርስ ምስክር ወረቀት፣ የመረጣችሁት ፋርሹለ ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም መንጃ ፈቃዱ አሁንም የጸና መሆኑን የምታረጋግጡበት ፊርማ።

ዜቴስቱን (የዓይን ምርመራውን) ማንኛውም የመነጽር ሱቅ ያደርገዋል፤ ሰባት ዩሮ ገደማ ነው፣ ወረቀቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ዓይን 0.7 ማየት አለበት። መነጽር የምታደርግ ከሆነ አድርጋ ትፈተን፤ ካርዱ ላይ ግን መነጽር ግዴታ እንደሆነ ይጻፋል።

ኤርስተ ሂልፈ ኩርሱ (የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ኮርሱ) 9 ክፍለ ጊዜ በ45 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ቀይ መስቀል፣ ዮሐኒተርና ማልተዘር የሚባሉ የእርዳታ ድርጅቶች ይሰጣሉ፣ ከ50 እስከ 80 ዩሮ። አንዳንድ ቦታ በእንግሊዝኛም አለ፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት ብቻ የሚወስድ ወይም በኢንተርኔት የሚያልቅ ኮርስ ከሆነ ቢሮው አይቀበለውም።

ትርጉሙን ፍርድ ቤት የመሐላ ፈቃድ የሰጠው ተርጓሚ ወይም አዳክ (የጀርመን የመኪና ባለቤቶች ማኅበር) ይሥራው። አዲስ አበባ የተሠራ ትርጉም ይዛችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ መልሱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቢሮው የካርዱን እውነተኛነት ለማጣራት ከፈለገ ከዚያም ይረዝማል። ሲፈቀድ የፈተና ትእዛዙ በቀጥታ ፈተናውን ወደሚሰጡት ድርጅቶች፣ ወደ ቱፍ ወይም ዴክራ ይሄዳል፤ ካሰል ላይ ቱፍ ነው። ከዚያ ቴዮሪውን በ12 ወር ውስጥ፣ ቴዮሪው ካለፈ በኋላም የመንገዱን ፈተና በሌላ 12 ወር ውስጥ ማለፍ ግድ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ እንደገና ማመልከት ነው።

አዲስ_ገቢ_ካሰል

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ነው ያበራችሁልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ካርዷ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የሚያበቃው 30/10/2018 ይላል። ስሟ ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። ያስቸግራል?

ቢሮ_ለቢሮ

ሁለቱም ያስቸግራሉ፤ ሁለቱም ግን በትርጉሙ ይፈታሉ።

30/10/2018ን የጀርመን ሠራተኛ ሲያየው በፈረንጁ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ያበቃ ካርድ ነው የሚመስለው። በእኛ ሰኔ 30 ቀን 2018 ነው፤ በእነሱ ጁላይ 7 ቀን 2026 ማለት ነው። ተርጓሚው የተሰጠበትንም የሚያበቃበትንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍና ካርዱ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በግርጌ እንዲያስታውስ ንገሩት። የተሰጠበትን ቀንም እንዳትንቁት። 12/03/2012 የሚል ካርድ ኅዳር 12 ነው፤ በፈረንጁ ኖቬምበር 22 ቀን 2019 ይሆናል። ይህ ቀን በሙከራ ጊዜው ላይ ይታሰባል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙን በተመለከተ ተርጓሚው ከአማርኛው ፊደል በቀጥታ ያንብብና በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይጻፈው፤ ካርዱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ በማስታወሻ ያመልክት። የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ ከገባ ትርጉሙም ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተል። ፓስፖርቱን ሳያይ የሚተረጉም ተርጓሚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው፦ ካርዷ ሳያበቃ ማመልከቻው ይግባ። የጸና መሆኑን በፊርማ የምታረጋግጠው እሷ ናት። ቀኑ ከተቃረበ አዲስ አበባ ባለ ሰው በውክልና ማሳደስ እንደሚቻል ከወዲሁ አጣሩ። እዚህ እየኖሩ የታደሰ ካርድ ችግር የለውም፤ እዚህ እየኖሩ እንደ አዲስ የወጣ መንጃ ፈቃድ ግን አይታወቅም። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ የመጀመሪያው የተሰጠበት ቀን ጎልቶ ይታይ።

ሐዋሳ_ሐኖቨር

ስድስቱ ወር ካለፈስ? የማስቀየር መብቱም አብሮ ይጠፋል?

ማርሽ_ሦስት

አይጠፋም። ስድስት ወሩ የሚገድበው መንዳትን ነው። ካርዱ እስከጸና ድረስ ዘግይቶም ማመልከት ይቻላል። ድሮ የሦስት ዓመት ገደብ ነበር፣ ተነሥቷል።

ቴዮሪ_በአረብኛ

ስለ ጽሑፍ ፈተናው ልጨምር። በኮምፒውተር ነው፤ ለቢ ክላስ (ለተራ አውቶሞቢል) 30 ጥያቄ ነው፦ 20 ከጠቅላላው፣ 10 ከክላሱ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ2 እስከ 5 ነጥብ ይይዛል። እስከ 10 የስሕተት ነጥብ ያልፋል፤ ሁለት ባለ 5 ነጥብ ጥያቄ የሳተ ግን ድምሩ 10 ብቻ ቢሆንም ይወድቃል። ባለ 5 ነጥቦቹ በአብዛኛው የቅድሚያ ጥያቄዎች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ።

ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋ መፈተን ይቻላል፤ አማርኛ የለም። ለእኛ ሰው የሚቀርቡት እንግሊዝኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ሰው ዐረብኛውን ያስብበት፣ ግን የሰፈር ዐረብኛ ሳይሆን የመጽሐፉ ነው። አስተርጓሚ ይዞ መግባት አይቻልም። በምትፈተኑበት ቋንቋ አጥኑ። በጀርመንኛ አጥንቶ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ሰው ትርጉሙ ያምታታዋል።

የቪዲዮ ጥያቄዎች አሉ። ቪዲዮውን እስከ አምስት ጊዜ ማየት ይቻላል፤ ወደ ጥያቄው ካለፉ በኋላ ግን መመለስ የለም። ስታዩ የፊቱን መኪና ብቻ አትከተሉ፤ ከጎን የሚመጣውን ሳይክል፣ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየውን፣ የመንገድ ዳር ምልክቱን ያዙ። የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ስለ እነዚህ ነው።

ቁጥር የሚያስገቡበት ጥያቄም አለ። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ፍጥነቱን ለ10 አካፍለህ በ3 ስታበዛ አደጋ አይተህ ፍሬን እስክትይዝ የምትሄደው ርቀት ይወጣል፤ ለ10 ያካፈልከውን በራሱ ስታበዛ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትሄደው ርቀት ይወጣል። በ50፦ 15 ሲደመር 25፣ 40 ሜትር። በ100፦ 30 ሲደመር 100፣ 130 ሜትር። ድንገተኛ ፍሬን ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር በግማሽ ይቀነሳል። እንዲሁም ጎማ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ፤ ሳይክል ሲቀደም በከተማ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ክፍተት፤ አልኮል 0.5 ፕሮሚል (በሺህ) በደም ውስጥ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ወይም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ዜሮ።

የጥያቄው ስብስብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር መጀመሪያ ይታደሳል። ከጓደኛ የተወረሰ አሮጌ አፕ አትጠቀሙ። የወደቀ ሰው በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደግማል።

ፈጣን_መልስ

የግዴታ ሰዓት ከሌለባት ትምህርቱን ትታ ቀጥታ ፈተና ብትገባ ገንዘብ ትቆጥባለች። መንዳት የምታውቅ ሴት ናት።

ሹልተርብሊክ

ወዳጄ፣ ይህ ምክር ነው ብዙ ሰው የሚጥለው። ሕጉ ሰዓት አያስገድድም፤ ነገር ግን መምህሩ ዝግጁ መሆኗን ሳያምን አያቀርባትም። ወድቃ ስትደግም የፈተናው ክፍያ (130 ዩሮ ገደማ) ላይ ፋርሹለው ለፈተና ለማቅረብ የሚያስከፍለው ማቅረቢያ ይጨመራል፤ ያ ገንዘብ አራት አምስት ትምህርት ይገዛል። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው 10 ትምህርት ገደማ ይበቃዋል። ጠቅላላውን ብንገምተው፦ ቢሮ 45፣ ትርጉም 70፣ ኮርስ 60፣ ዓይንና ፎቶ 20፣ የፋርሹለ መመዝገቢያ 300፣ ቴዮሪ 25፣ ትምህርት በ65 ዩሮ 650፣ የመንገድ ፈተና 130፣ ማቅረቢያ 200። ወደ 1,500 ዩሮ ይመጣል። ዋጋ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ፋርሹለ አወዳድሩ።

የእኛ አሽከርካሪ የሚወድቀው መሪ ስለማይችል አይደለም። ፈታኙ ከኋላ ተቀምጦ የሚያየው ዓይኗንና አንገቷን ነው። ከቆመችበት ስትነሣ በግራ ትከሻ፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በቀኝ ትከሻ (ሳይክሉ የሚመጣው ከዚያ ነው)፤ መስመር ስትቀይር ወደምትሄድበት ጎን፤ በር ስትከፍት ወደ ኋላ። ቅደም ተከተሉ የመሀል ስፖኪዮ፣ የጎን ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ትከሻ ነው። ዓይን ብቻ ቢዞር ከኋላ አይታይም፤ አገጭ ከትከሻ መስመር ይድረስ። አንድ ጊዜ መርሳት በራሱ ላይጥላት ይችላል፤ ሳይክል ባለበት ቀኝ ስትታጠፍ ከረሳች ግን ፈተናው እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው ሬኽትስ ፎር ሊንክስ ነው። ምልክትም መብራትም በሌለበት መገናኛ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፤ መንገዱ ጠባብ ይሁን ሰፊ ለውጥ የለውም። ዞን 30 ውስጥ (ከ30 በላይ በማይነዳበት ሰፈር) በየ50 ሜትሩ ያጋጥማል። አዲስ አበባ ላይ ሰፊው መንገድ ወይም ቀድሞ የገባው ይሄዳል የሚል ልማድ አለ፤ ያንን ይዞ መምጣት ነው ጣጣው። ከእያንዳንዱ መገናኛ በፊት እግር ከነዳጅ ላይ ይነሣ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ ቀኝ ጠልቆ ማየት። የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ፦ ከቀኝ ያለው መውጫ ከፓርኪንግ፣ ከግቢ፣ ከሽፒልሽትራሰ (ልጆች ከሚጫወቱበት የመኖሪያ ሰፈር መንገድ) ወይም ዝቅ ካለ የጠርዝ ድንጋይ ላይ የሚመጣ ከሆነ እሱ ነው የሚጠብቀው። ይህንን ሳታውቅ ያለ ምክንያት ከቆመችም ይመዘገብባታል።

ቢጫው አልማዝ ምልክት ካለ ቅድሚያው የእሷ ነው፣ እስኪሰረዝ ድረስ ይቀጥላል። በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ወደ ላይ የሚያመለክተው ወፍራም ቀስት ግን ለቀጣዩ መገናኛ ብቻ ነው። ዋናው መንገድ የሚታጠፍበት ሥዕል ከታች ካለ፣ መታጠፊያውን ስትከተል ፍሬቻ ታበራለች፤ ቀጥታ ስትወጣ አታበራም።

አደባባይ ስትገባ ፍሬቻ የለም፤ ስትወጣ ወደ ቀኝ ይበራል። ስቶፕ ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ መስመሩ ላይ፤ አይታ መንቀሳቀስ ካልቻለች ወደ ፊት ተጠግታ እንደገና ትይ። አረንጓዴው የቀስት ሰሌዳ ያለበት ቀይ መብራት ላይም መጀመሪያ መቆም ግዴታ ነው። አደጋ አመልካች መብራት አብርቶ ጣቢያ ላይ የቆመ አውቶቡስን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፍ ሁሉ በእርምጃ ፍጥነት ነው የሚያልፈው።

መብራት ብልጭ ማድረግ አገር ቤት «መጣሁ፣ ጠብቀኝ» ማለት ነው፤ ጀርመን ብዙ ጊዜ «እለፍ» ነው የሚባለው፣ በሕግ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ፈተና ላይ በብልጭታ ተማምና እንዳትገባ። ክላክስ ከተማ ውስጥ ለአደጋ ብቻ ነው።

ቀስ ብሎ መንዳትም ይጥላል። 50 በተፈቀደበት ባዶ መንገድ ላይ በ35 መጎተት እንደ ስሕተት ይጻፋል። አውቶባን ስትገባ መግቢያው መስመር ላይ ነዳጅ ሰጥታ ከዋናው ፍጥነት ጋር ትስተካከል፤ መስመሩ ጫፍ ላይ መቆም በጣም አደገኛ ነው።

ፈተናው በጠቅላላ 55 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ስለ መኪናው ይጠየቃል፦ መብራት፣ የጎማ ጥርስ፣ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይት መለኪያ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ። ኮፈኑን ከፍታ በጣቷ ማሳየት ትልመድ። ከዚያ ከመሠረታዊ ልምምዶች የተወሰኑትን ያሠሯታል፦ በሁለት መኪና መሀል ፓርክ ማድረግ፣ ወደ ኋላ ቀኝ መታጠፍ፣ መዞር፣ ድንገተኛ ፍሬን። ድንገተኛ ፍሬኑ ላይ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል መርገጥ ነው፤ ለስለስ ካለ ይደገማል። መምህሩ ፍሬን ከያዘላት ወይም መሪ ከነካ አበቃ።

የመንገዱ ፈተና በጀርመንኛ ብቻ ነው፤ ኤ ሁለት ግን ይበቃል። ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው፦ «ሬኽትስ አብቢገን» (ቀኝ ታጠፊ)፣ «ሊንክስ አብቢገን» (ግራ ታጠፊ)፣ «ቬንደን» (ዙሪ)፣ «አይንፓርከን» (ፓርክ አድርጊ)፣ «ሬኽትስ አንሃልተን» (ቀኝ ዳር ቁሚ)፣ «አን ደር ኔክስተን ክሮይጹንግ» (በሚቀጥለው መገናኛ)። ምንም ካልተባለ መንገዱን ተከትሎ መሄድ ነው። ያልሰማችውን «ቢተ ኖኽ አይንማል» (እባክዎ ይድገሙልኝ) ብላ ትጠይቅ። ግራ ተብላ ቀኝ ብትታጠፍ እንኳ በትክክል ከታጠፈች አትወድቅም።

ሐዋሳ_ሐኖቨር

አውቶማቲክ ላይ ብትፈተንስ?

ሹልተርብሊክ

ይቻላል። ግን ካርዷ ላይ 78 የሚል ቁጥር ሊገባና ካምቢዮ እንዳትነዳ ሊያግዳት ይችላል። ከ2021 ወዲህ ቢ 197 የሚባል መንገድ አለ፦ 10 ትምህርት በካምቢዮ ነድታ ፋርሹለው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይፈትናታል፣ የመንግሥቱን ፈተና በአውቶማቲክ ትወስዳለች፣ እገዳም የለባትም። ሳትመዘገብ ፋርሹለውን በጽሑፍ ትጠይቅ።

ከቨርጂኒያ_የመጣ

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሰው የሚታየው በዜግነቱ ሳይሆን መንጃ ፈቃዱ በወጣበት አገር ነው። የቨርጂኒያ ወይም የቴክሳስ ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ለቢ ክላስ ያለ ፈተና ይቀየርለታል። የዲሲና የሚኒሶታ ካርድ ያለው ቴዮሪ ብቻ ይፈተናል። ካሊፎርኒያ ስምምነት የለውም። የእስራኤልና የደቡብ አፍሪካ በዝርዝሩ አሉ፤ የኤምሬትስና የሳዑዲ የሉም፣ እንደ ኢትዮጵያው ነው የሚታዩት። ካርዱ የወጣው ግን ሰውየው እዚያ በሚኖርበት ጊዜ መሆን አለበት።

ደረቅ_ጭነት

የሕዝብ ወይም የደረቅ ጭነት ካርድ ያላችሁ ወንድሞች፣ ቢ ክላሱን ቀድማችሁ አስቀይሩ። ቢ እስከ 3.5 ቶንና ከሹፌሩ ሌላ 8 ሰው ነው። ለትልቁ መኪና የሐኪምና የዓይን ሐኪም ምርመራ፣ የራሱ ቴዮሪ፣ በከባድ መኪና የመንገድ ፈተና፣ ለሥራ ሊነዳ ለሚፈልግ ደግሞ 95 የሚባለው የሙያ ብቃት ይጨመራል። ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ደብዳቤ ካለ ዮብሴንተር (የመንግሥት የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ) ወጪውን ሊሸፍን ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አመልክቱ፤ ከተከፈለ በኋላ አይመልሱም።

ጥገኝነት_ጠያቂ_ፉልዳ

ፓስፖርት የሌለውስ? ያለኝ አውፈንትሃልትስገሽታቱንግ (የጥገኝነት ጠያቂ መቆያ ወረቀት) ብቻ ነው።

ቢሮ_ለቢሮ

ፎቶ ያለበት አውፈንትሃልትስገሽታቱንግ የልደት ቀንና ቦታን ለማስረዳት ሊበቃ እንደሚችል የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2016 ወስኗል፤ መረጃው በራስህ ቃል ላይ የተመሠረተ ቢሆንም። ሠራተኛው ከመለሰህ ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅና ወደ ስደተኞች አማካሪ ቢሮ ውሰደው።

ካሰል ላለው ወንድሜ፣ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የሙከራ ጊዜው ነው። ሁለት ዓመት ነው፤ በኢትዮጵያ የያዘችበት ዘመን ስለሚታሰብላት ካርዷ ከወጣ ሁለት ዓመት ካለፈው አይኖርባትም። ለዚህ ነው የተሰጠበት ቀን በትክክል ይተርጎም ያልኩት። አዲሱ ካርድ የሚሰጣት የኢትዮጵያውን ስታስረክብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሰጠው አገር ይላካል። ከማስረከቧ በፊት ሁለቱንም ገጽ በቀለም ስካን ታድርግ፣ ከዋናው ትርጉም አንድ ቅጂም ቤት ይቅር።

አዲስ_ገቢ_ካሰል

ተባረኩ። የቢሮውን ቀጠሮ ዛሬ ይዘናል፤ ቅዳሜ ኤርስተ ሂልፈ ትገባለች። ተርጓሚው ፓስፖርቷንም ይዛ እንድትመጣ ነግሯታል።